ጤፍ የበቀለበት ላፕቶፕ

«ተጠግኖ?» አለች እናቴ፣ በመምህር አበጀ ክፍል በራፍ ላይ እንደቆመች። «የሰው ዕቃ አበላሽቶ ጠጋግኖ መመለስ የት አገር ነው ያለው መምህር? አዲስ ይገዛል!»

«እማማ ደብሪቱ፣ ግድ የለም፣ ይስሙኝ። አዲስ አልፈልግም። ያንኑ አሮጌውን ቢሰጡኝ ይበቃኛል።»

«ድሆች ናቸው ብለው ነው?»

«ኧረ በጭራሽ!»

«እንግዲያው ምን በወጣዎት ነው አሮጌ የሚሸከሙት?»

መምህሩ ዞር ብሎ አየኝ። እርዳኝ የሚል አስተያየት ነበር። እኔ ግን ከእናቴ ጎን ደረቴን ነፍቼ ቆሜ፣ «እውነቷን ነው ጋሼ፤ ለእርስዎ አዲስ ነው የሚገባዎት» አልኩት።

ይህ ክርክር ከስንት ዓመት በኋላ ባለፈው ሳምንት ጎብዬ ከተማ ላይ ተመልሶ መጣብኝ። አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ስጽፍ አስተናጋጇ የያዘችው ውሃ ተንሸራቶ ላፕቶፔ ላይ ፈሰሰ። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት። እኔ እሷን ሳጽናና ቆየሁና ዕቃውን መንገድ ማዶ ወዳለ ጠጋኝ ይዤ ሄድኩ። ሰውዬው ገልበጥ አድርጎ አየው፤ «ልጠግነው ወይስ አዲስ ትገዛለህ?» አለኝ። ማንም ሰው በቀላሉ የሚመልሳት ጥያቄ ናት። እኔን ግን ከአንገቴ እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። ጠጋኙ የገንዘብ ነገር መስሎት፣ «አስብበት» ብሎ ወደ ሌላ ሥራው ዞረ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ፈተናው ያልሆነልኝ ክረምት ነበር። ቤታችን ቆቦ ዳር ነው፤ የጓሮው አጥር ሲያልቅ ማሳው ይጀምራል። ከግቢያችን አንዱን ክፍል መምህር አበጀ ተከራይቶት ነበር። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ ዝግ ያለ፣ ሲያስቸግሩት ይቅርታ የሚጠይቅ ዓይነት ሰው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ዞብል ተራራ ይወጣል። የዛፍ ቅጠል ይለቅማል፤ ሽማግሌዎችን የየዛፉን ስም በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በትግርኛም ይጠይቃል፤ ከተራራው ሲመለስ ቁጭ ብሎ ላፕቶፑ ላይ ይጽፈዋል። ለሁለተኛ ዲግሪው የሚያቀርበው ጥናት ነበር። ከዚያች ላፕቶፕ በቀር የትም እንዳላስቀመጠው የሰማሁት በኋላ ነው።

እኔ ያን ጊዜ ገጣሚ ነበርኩ። የሾመኝ ግን ማንም የለም፤ ራሴው ነኝ። በሱቅ መጠቅለያ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፤ የሰው ንግግር መሀል እየገባሁ «ይቺ ቃል ትጣፍጣለች» እላለሁ፤ እንቅልፍ የለኝ፣ ሥራ የለኝ። መምህር አበጀ ግጥሞቼ ሲቀዳደዱ አይቶ አዘነ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ላፕቶፑን ሰጠኝ። «በዚህ ላይ ጻፋቸው፤ እኔ ሰሞኑን ስልጠና ላይ ነኝ» አለኝ። ስከፍተው የሱ ጽሑፎች ተደርድረው ይታዩኛል። አልፌያቸው ወደ ራሴ እሄዳለሁ።

የእኛን አገር ዝናብ ለማያውቅ ሰው ልንገር። ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል፣ ፀሐይዋ እንደጋለች፣ በምዕራብ ያለው ደጋ ከጠቆረ ጎርፍ ይመጣል። ገበሬው ሰማዩን አይደለም የሚያየው፤ ተራራውን ነው። ወንዙ ሲሞላ በአፈርና በእሾህ ቅርንጫፍ በተሠራ ክትር ውሃውን ጠልፎ ወደ ማሳው ይመራዋል። አንድ ጎርፍ በደንብ ከጠጣ ማሳው ያን ዓመት ያበላል፤ ካመለጠው የለም። ስለዚህ ተራራው በጠቆረ ቁጥር ሰው ማሳ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ላፕቶፑ እጄ ላይ እያለ አንድ ቀን ተራው የእኔ ሆነ። የማሽላ ቂጣ በድልህ በፌስታል ቋጠርኩ፤ ላፕቶፑንም ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ጨምሬ ያዝኩት። ማሳው ዳር ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተጋድሜ ስለ ጥም የሚያወራ ግጥም እጽፍ ነበር። እንዴት ያለ ግጥም መስሎኝ ነበር!

«ጎርፍ! ጎርፍ!» የሚል ጩኸት ከላይ ሲመጣ ከረጢቱን ዛፉ ሥር ትቼ አካፋዬን ይዤ ሮጥኩ። የዚያ ቀን ጎርፍ ቡናማ፣ ወፍራም፣ የደጋ አፈር የሚሸት ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። ክትሩ ሊሰበር ሲል በጀርባችን ደገፍነው። በመጨረሻ ውሃው እሺ ብሎ ታጠፈና ወደ ማሳችን ሲገባ እናቴ ከዳር ሆና እልል አለች። እኔም ጭቃ በጭቃ ሆኜ በአካፋዬ መንገድ እየከፈትኩለት፣ «ና! ና! በዚህ!» እያልኩ ከፊቱ ሄድኩ። እንደ እንግዳ ተቀብዬ ከቁርቁራው ሥር አደረስኩት። ከረጢቱን ያየሁት ግማሹ ከሰመጠ በኋላ ነው።

መምህር አበጀ ሲነገረው መጀመሪያ የጠየቀው፣ «ማሳው ጠጣ?» ብሎ ነው። ጠጥቷል አልነው። «እሰይ» አለ። እውነቱን እንደሆነ ከፊቱ ያስታውቅ ነበር። ከዚያ ቆየት ብሎ፣ «አሮጌው ላፕቶፕ ግን... ብወስደው አስጠግነው ነበር» አለ። እናቴ በፍጹም፣ ማዳኑ የእኛ ዕዳ ነው አለች። እኛ ያበላሸነውን እሱ ይዞ ሲንከራተት ሰው ምን ይላል?

ከሰፈራችን አንዲት ሴት ውሃ የገባበት ስልክ ሩዝ ውስጥ ተቀብሮ ዳነ ብላ ስታወራ እናቴ ሰምታ ነበር። ቤታችን ሩዝ የለም። «ቢኖርስ ከጤፍ ይበልጣል?» አለችና፣ ለዘር ያስቀመጠችውን ምርጥ ጤፍ ከጎታው አውጥታ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፋ ቀበረችው። ጤፉን ባለበሰችው ቁጥር በእጇ መታ መታ ታደርገው ነበር። እኔ አልከለከልኳትም፤ ለኔም ብልህነት መስሎኝ ነበር። ሰንብተን አወጣነው፤ ሳንከፍተው በነጠላዋ ጠቅልላ ቆቦ መሀል ከተማ ሰይድ ወደሚባል ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ወሰድነው።

ሰይድ ቀልደኛ ነው፤ ሱቁ ሁልጊዜ ሰው አይጠፋበትም። ላፕቶፑን ከፈተ። ከዚያ፣ «ያ አላህ!» ብሎ ከወንበሩ ተነሣ። የደጋው ደለል በየቁልፉ መሀል ገብቶ ረግቷል፤ ጤፉ በደለሉ ላይ ተዘርቷል፤ የቆላው ሙቀት የቀረውን ሠርቶታል። በፊደሎቹ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነ፣ ፀሐይ ያላየ ነጣ ያለ ቡቃያ ቆሟል።

«ኑ እዩ! ሰው ማሳ ላይ ይዘራል፣ እነዚህ ኪቦርድ ላይ!»

«እማማ፣ ለአረሙ ደቦ ይጥሩን እንጂ» አለ አንዱ፣ ስልኩን ሊያስሞላ የመጣ።

«አጨዳው ላይ እኔንም አትርሱኝ!»

«ዝናቡማ ደርሶታል፣ ወላሂ፣ ወፍ ብቻ እንዳይለቅመው!»

አሁን ሳስበው አንዳቸውም ክፉ አልነበሩም። እኔም ባለቤቱ ባልሆን አብሬ እስቅ ነበር። እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች። ወደ እኔ ስታይ፣ እኔ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ቻርጀር እመረምር ነበር። ሰይድ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ለቀልድ ነው እኮ፤ ይተዉልኝ፣ ፈትቼ ላጥበው፣ ይሆናል» አለ። አልሰማችውም፤ ከእጁ ነጥቃ ጠቅልላ ወጣች። «መሳለቂያ ሊያደርጉን? አዲስ ይገዛል፣ አለቀ!» እያለች በዋናው መንገድ ከፊቴ ሄደች። እኔ ራቅ ብዬ፣ የሷ ሰው እንዳልመስል አድርጌ ተከተልኳት።

በመምህሩ በራፍ ላይ ያ ክርክር የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። ጤፍ መብቀሉን አልነገርነውም። እሱም ጽሑፉ ውስጡ እንዳለ አልነገረን። ዘር ጤፋችን ለሱ ዕቃ ሲባል እንደተበላሸ ከጎረቤት ሰምቶ ኖሮ፣ በዚያ ላይ ሌላ ሸክም መጨመር ይሉኝታ ያዘው። «አሮጌውን» ነበር የሚለው፣ ደጋግሞ፣ «አሮጌውን ብቻ»። እኛ ደግሞ ሊምረን የፈለገ መሰለን። ምሕረት መቀበል ደግሞ እናቴ የማትችለው ነገር ነው። በእኛ ቤት ደንቡ የታወቀ ነው፤ የተዋሱት ማረሻ ከተሰበረ አዲስ ይመለሳል፣ ስባሪው የሰባሪው ነው። ስባሪውን ከአዲሱ ጋር አብሮ መመለስ «ይኸው ዕዳህ» ብሎ ፊት ላይ እንደመወርወር ይቆጠራል።

ወይፈናችን ተሸጠ። ለሌላ ዓመት ጥማድ ይሆናል የተባለ ወይፈን ነበር። ለልኩ እንዲሆነን አሮጌውንም በጨርቅ ጠቅልለን ይዘን በሚኒባስ ወልድያ ሄድን። መንገድ ላይ ሮቢት ስንደርስ ሴቶች በለስ በሳህን ይዘው መስኮቱን ሞሉት፤ እናቴ ገዝታ፣ እሾሁን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ላጠችልኝ። ደስ ብሏት ነበር። እኔም በላሁ።

ባለሱቁ አዲሱን ላፕቶፕ ከካርቶኑ አውጥቶ ሲያበራው እናቴ «ተመስገን» አለች። ከዚያ ሰውዬው በጨርቅ የተጠቀለለውን አይቶ፣ «ይኼንንስ ምን ታደርጉታላችሁ? ለመለዋወጫ ልውሰደውና ቦርሳ ልመርቅላችሁ» አለን። እናቴ ወደ እኔ ዞረች፤ የተማርኩት እኔ ነኝና። ጥቁር ቦርሳ ነበር፣ ብዙ ኪስ ያለው። «ጥሩ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ለብቻዬ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ባለሱቁ ፈታትቶ የሚሸጠውን ሸጦ የቀረውን ጥሎታል። መምህር አበጀ በዚያ ዓመት ጥናቱን አላቀረበም፤ መስከረም ሳይጠባ ዝውውር ጠይቆ ሄደ። እናቴ እስከዛሬ ያን ነገር በኩራት ነው የምታነሣው። አልነገርኳትም፤ የምነግራትም አይመስለኝም።

ሰዎች ግጥም ስታነብ ጆሮ አለህ ይሉኛል። እንዲህ ሲሉኝ «አሮጌውን» የምትለዋ ቃል ትመጣብኛለች። መምህር አበጀ ያለችውን አንድ ቃል ይዞ ደጋግሞ ሲለምነን ነበር። እኔ የሰማሁት እናቴ የተሳቀባትን ሳቅ ነው፤ እሱንም የሰማሁት እሷን ብዬ ሳይሆን ራሴን ብዬ ነው። ላፕቶፔ ጎብዬ ጠጋኙ ጋ እንዳለ ነው። መልስ አልሰጠሁትም።

ከወልድያ የተመለስን ዕለት እናቴ አዲሱን ላፕቶፕ ከነቦርሳው በሁለት እጇ ይዛ ገባች። መምህር አበጀ ከተቀመጠበት ተነሣ፤ በሁለት እጁ ተቀብሎ ዝቅ ብሎ እጅ ነሣ።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። በጣም ነው ያስቸገርኩዎት።» አልጋው ላይ አስቀመጠውና ፈገግ እንዳለ፣ «አሮጌውስ?» አለ።

«እሱንማ ተገላገልነው!» አለች እናቴ። «ለባለሱቁ ተውንለት። ይቺን ቦርሳ መረቀልን።»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ የሚሄድበት ጠፍቶት ፊቱ ላይ ቆየ። «ጥሩ አደረጉ» አላት። እናቴ መርቃው ወጣች፤ እኔ ቀረሁ። ለምን እንደቀረሁ አላውቅም፤ ምናልባት እንዲያመሰግነኝ ጠብቄ ይሆናል።

«ሲሳይ» አለኝ፣ ድምፁን ሳይጨምር። «የዞብል ዛፎች እዚያ ውስጥ ነበሩ።»

«ሁሉም ጋሼ?»

«ሁሉም።»

የምለውን አልጠበቀም። ከሚስማሩ ላይ ጃኬቱን አወረደ፣ ጫማውን አጠለቀ፣ በአጠገቤ ሲያልፍ እንዳይገፋኝ ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ። እኔን በገዛ ክፍሉ ውስጥ ትቶኝ ወጣና ቆርቆሮው እንዳይጮህ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።