ጣልኩዎት፣ ይቅርታ

መጀመሪያ የያዘኝ የካርቶኑ ክዳን ሲከፈት የወጣው ሽታ ነው። የአሮጌ ወረቀት፣ የእርጥበትና የሲጋራ ሽታ፤ ሲጋራው ከመቆየቱ ብዛት ሊጣፍጥ ምንም አልቀረው። ውስጡ ያሉት የመጫወቻ ካርታዎች የታሰሩበት ላስቲክ ጣቴ ሲነካው ብጥስ አለ። አምስተርዳም አጠገብ፣ አምስተልቨን ያለው ቤታችን ምድር ቤት ውስጥ የዕቃ ክፍሉን እያጸዳን ነበር። ልጄ ከኋላዬ ቆማ በትከሻዬ ላይ አየችና፣ «ማማ፣ ማኽ ዲት ዌኽ?» አለችኝ። በደች ቋንቋ፣ ይጣል ወይ ማለቷ ነው።

መጣል! በዚህች አንዲት ቃል የልጅነቴን ስንት ከሰዓት በኋላ እንዳሳለፍኩ እሷ ከየት ታውቃለች? «አይጣልም» ብያት ካርቶኑን አቅፌ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ዴን ሃግ ከተማ፣ ሙርዋይክ ሰፈር ነበር። እናቴ ቢሮ ልታጸዳ ስትሄድ ከእኛ በታች ለሚኖሩት ጎረቤታችን ትተወኛለች። ጎረቤታችን ኤርትራዊ ናቸው፤ ጉልምስናቸውን አዲስ አበባ ልብስ ሲሰፉ ያሳለፉ፣ አማርኛውንም እዚያ ደንበኛ እየለኩ የተማሩት። በትልቅነታቸው የተማሩት ስለሆነ ነው መሰለኝ በጣም ይጠነቀቁለት ነበር። እኛ አፋችንን በአማርኛ የፈታን ሰዎች የምንውጠውን ፊደል እሳቸው አንዱንም አይውጡም። «ሱሪ የሚለካ ሰው እርስዎ ማለት ካላወቀ ደንበኛው አይመለስም» ይሉኝ ነበር።

እኔ ደግሞ ያገኘሁትን ሁሉ አንተ የምል ልጅ ነበርኩ። ቄሱን አንተ፣ ሐኪሙን አንተ፣ እሳቸውንም አንተ። ትምህርት ቤት መምህሮቻችንን የምንጠራው በስማቸው ነው፤ አማርኛ ላይ ስደርስ ለትልቅ ሰው ሲሆን ግሱ ጭራው እንደሚለወጥ እንዴት ይግባኝ? እናቴ በኀፍረት መሬት ትገባለች፤ ቤት ስንደርስም ትቆጣኛለች። ቁጣዋ ግን ለነገው አይተርፈኝም ነበር።

ያስተማሩኝ እነዚህ ካርታዎች ናቸው። አንድ ቀን ጎረቤታችን ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ «ካርታ አገኘሁ» ብለው ደስ ብሏቸው መጡ። ካርታ ጨዋታ ነፍሳቸው ነበር። ሳጥኑን ሲከፍቱት ግን ንጉሥም የለ፣ ንግሥትም የለች፤ ፓንት ብቻ የለበሱ ግዙፍ ፈረንጆች ናቸው። መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አገላብጠው አዩዋቸውና፣ «ወይ ጉድ! እነዚህ ሁሉ ልብስ ሰፊ አጥተው ነው?» አሉ።

የነጻ ትግል ካርታ ነበር። እያንዳንዱ ካርታ ላይ አንድ ታጋይ አለ፤ ከሥሩ ቁጥሮች ተደርድረዋል። ሁለት ዳይስ ይወረወራል፤ የወጣው ቁጥር ካርታው ላይ ሲታይ ታጋዩ ምን እንዳደረገ ይናገራል። አንገት አንቆ ያዘ፣ ገመዱ ላይ ወረወረ፣ ወይ ደግሞ አንስቶ ዘረረ። የአጨዋወት መመሪያው ከሳጥኑ ውስጥ ጠፍቷል፤ ስለዚህ ሕጉን ያወጡት እሳቸው ናቸው።

ሕጋቸው እንዲህ ነበር። የጣለ ሰው የጣለውን ያነጋግራል። «ዝም ብሎ መጣል የዱርዬ ነው» አሉ። ጎረምሳ የጣለ «ጣልኩህ!» ቢል ችግር የለም። ከካርታዎቹ መሐል ግን አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ነጭ ጺማቸው ደረታቸውን የሸፈነ፣ ሆዳቸው ቀበቷቸውን አልፎ የወጣ፣ ቁጥሮቻቸውም ከሁሉም የደከሙ። ጋሽ ጺሙ አልናቸው። ጎረቤታችን ሌላ ታጋይ መርጠው አያውቁም፤ እኔ ብዙ ጊዜ የምመርጠው ጭንብል ያጠለቀውን ጎረምሳ ነበር፤ ጭንብሌ እለዋለሁ። ጋሽ ጺሙን የጣለ ሰው «ጣልኩዎት፣ ይቅርታ» ማለት አለበት። አፌ አምልጦኝ «ጣልኩህ!» ያልኩ እንደሆነ፣ ጎረቤታችን መርፌ የጠቀጠቃትን ሌባ ጣታቸውን ያነሳሉ።

«አይቆጠርም። ድገሚ።»

ዳይሱን እንደገና እወረውራለሁ፤ ድጋሚው ደግሞ መቼም አይቀናኝም። እኚያ የደከሙ ሽማግሌ በሰዋስው ብቻ ስንት ጎረምሳ እንዳሸነፉብኝ ልንገራችሁ ብል አታምኑኝም። አንዳንዴ አልቅሻለሁ። ዝናቡ መስኮቱን እየመታ፣ የስፌት መኪናው ዘይት እየሸተተኝ፣ አልጋ ሥር ገብቼ አልወጣም ያልኩበት ቀን ነበር። እሳቸው አያባብሉም። ጠረጴዛው ላይ ዳይሱን ያንቀጫቅጩታል፤ ያንን ድምፅ ስሰማ ራሴ እወጣለሁ።

አንድ ቀን ግን ጭንብሌ ጋሽ ጺሙን አንስቶ ዘረራቸው። ትንፋሼን ዋጥኩና ቀስ ብዬ፣ «ጣልኩዎት፣ ይቅርታ» አልኩ። ጎረቤታችን ጎንበስ ብለው ቁጥሩን አረጋገጡ። ከዚያ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን እየመቱ እስከ ሦስት ቆጠሩ፤ የሻይ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ ዘለለ። ከወርቃማ የመጋረጃ ቁራጭ የሰፏትን የሻምፒዮና ቀበቶ ወገቤ ላይ አሰሩልኝ፤ በጣም ስለሰፋችኝ በመርፌ ቁልፍ አጠበቧት። በሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን ቄሱን «እንደምን አሉ?» ስላቸው እናቴ የምትገባበት ጠፋት፤ በዚህኛው በደስታ ነው።

ወደ አምስተርዳም ስንዛወር ካርቶኑን እሳቸው ናቸው የሰጡኝ። «ውሰጂው። ጋሽ ጺሙ እኔ ጋ ከቀሩ ማን ይጥላቸዋል?» አሉኝ።

ዛሬ ጎረቤታችን ሮተርዳም ዙይድ፣ የእህታቸው ልጅ ሰፈር ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናቸው። መጀመሪያ የደች ቋንቋው ጠፋባቸው፤ ቀጥሎ ሰዎች ይጠፉባቸው ጀመር። ካለፈው ክረምት ወዲህ እኔም ከጠፉት አንዷ ነኝ። በሩን አንኳኩቼ ስገባ ከወንበራቸው ለመነሳት እየሞከሩ፣ «ይግቡ፣ ይቀመጡ። ከኸሜንተ ነው የመጡት?» ይሉኛል። ከማዘጋጃ ቤት የተላክሁ ሠራተኛ እመስላቸዋለሁ። የላይኛዋ ጎረቤትዎ ልጅ ነኝ ስላቸው በአክብሮት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ደክመው መጡ» ይላሉ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ በታላቅነት አንቺ የሚለኝ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሥራ ቦታ ከአለቃዬ ጀምሮ ሁሉም በደች «ዬ» ይለኛል፤ አንቺ ማለት ቢሆንም ያ ሌላ ነገር ነው። ልጄም አንቺ ትለኛለች፤ እሷ ግን ከሰው እስከ ድመት አንቺ ስለምትል አይቆጠርም። እኔ የናፈቀኝ የእሳቸው አንቺ ነው። አንድ ጊዜ እንኳን፣ በቁጣም ቢሆን።

ካርቶኑን ባገኘሁበት ሳምንት እሁድ ይዤላቸው ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ባለች ጠረጴዛ ላይ ካርታዎቹን ዘረጋኋቸው፤ ከወንዙ በኩል የምትመጣው ቀጭን ፀሐይ የታጋዮቹን ሆድ አበራችው። ጎረቤታችን በጣታቸው እየዳሰሱ አለፉና ጋሽ ጺሙ ላይ ቆሙ። አነሷቸው። ወደ ፊታቸው ጠጋ አልኩ።

ቀና ብለው በትሕትና፣ «እርስዎስ የትኛውን ይመርጣሉ?» አሉኝ።

ጭንብሌን አነሳሁ። ሌላ ምን ይደረጋል? መጫወት ጀመርን። ዳይሱን እንደ ድሮው ጆሯቸው ሥር አንቀጫቅጨው ነው የሚወረውሩት። ቁጥሩን እያነበብኩላቸው፣ አንገት እያነቅን፣ ገመድ ላይ እየተወራወርን ሳናውቀው ጨዋታው ውስጥ ገባን። ለምን እንደመጣሁም ረሳሁት። ከዚያ ጭንብሌ ጋሽ ጺሙን አንስቶ ዘረራቸው፤ እኔ፣ ፀጉሬ የሸበተው ሴትዮ፣ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ጮህኩ።

«ጣልኩህ!»

መድኃኒት የምታድለው ልጅ ዞራ አየችን። እኔ አፌን ያዝኩ። ጎረቤታችን ካርታውን ቀስ ብለው አስቀመጡና ያቺን ጣት አነሱ።

«አይቆጠርም» አሉ። «ድገሚ።»

ይድገሙ አላሉም። ድገሚ ነው ያሉኝ።

ዳይሱን ወረወርኩ፤ የወጣው ቁጥር አልታየኝም፣ ዓይኔ ሞልቶ ነበር። ምንም ይሁን ምን፣ «ጣልኩዎት፣ ይቅርታ» አልኳቸው። ጎረቤታችንም ጎንበስ ብለው ቁጥሩን ሳያዩ በመዳፋቸው ጠረጴዛውን እየመቱ እስከ ሦስት ቆጠሩልኝ።

ካፖርቴን ስለብስ በሩ ድረስ በዓይናቸው ሸኙኝ። «ስለ ድካምዎ እግዜር ይስጥልኝ። ለኸሜንተ ሰዎችም ሰላምታዬን ያቅርቡልኝ» አሉ። አቀርባለሁ አልኳቸው።

ሜትሮው ወንዙን ሲሻገር ካርቶኑ ጭኔ ላይ ነበር። በየእሁዱ እሄዳለሁ ብዬ ወስኛለሁ። እርስዎ ማለትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ለቄሱም፣ ለሽማግሌውም፣ ላገኘሁት ትልቅ ሰው ሁሉ በደንብ እለዋለሁ። እዚያች ጠረጴዛ ላይ ግን፣ ጋሽ ጺሙ በወደቁ ቁጥር፣ እሳሳታለሁ።