ከሦስት የሚበልጠው ኤክስ

ፖሊሶች የያዙኝ ኡራኤል ታክሲ ስጠብቅ ነው። ጥፋቴ የሠፈር ስብሰባ ላይ ተነስቼ መጠየቄ ነበር። «ለአጭር ጥያቄ ነው» አሉኝ፤ የእነሱ አጭር ምን ያህል እንደሚረዝም የገባኝ የክፍሉ በር ከኋላዬ ሲቆለፍ ነው። ክፍሉ እርጥብ ብርድ ልብስና ሽንት ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ባለችው ቀዳዳ የታክሲ ረዳት «ላንቻ! ላንቻ!» ሲል ይሰማል። ቤቴ ላንቻ ነው። ባለቤቴ የት እንዳለሁ አታውቅም፤ ስልኬን ወስደውታል። ከዚህ ሐሳብ በቀር ሌላው ሁሉ ይቻል ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ወጣት ፖሊስ አስወጥቶ ኮሪደሩ ላይ አስቀመጠኝ። ጠዋት «ተነስ አንተ!» ሲለኝ የነበረው ነው። አሁን ድምፁን ዝቅ አድርጓል።

«ቲቸር፣ የሒሳብ አስተማሪ ነዎት አይደል?»

ከኪሱ የተጣጠፈ የፈተና ወረቀት አወጣ። ማታ ማታ ኮሌጅ ይማራል። ጥያቄው «ሦስት ለኤክስ ሲካፈል ከአንድ ያንሳል፤ ኤክስን ፈልግ» ይላል። እሱ ሁለቱንም ወገን በኤክስ አባዝቶ፣ «ኤክስ ከሦስት ይበልጣል» ብሎ ጨርሷል። መምህሩ በቀይ ሰርዞበታል።

«በዚህች ነው የወደቅኩት። ማለቴ፣ ትክክል ነው ብለው ይፈርሙልኝ፣ አቤቱታ አስገባበታለሁ። እኔም ስልክ አስደውልዎታለሁ።»

ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። የባለቤቴን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ።

«ኔጌቲቭ አንድን አስገባበት» አልኩት።

በጣቱ መዳፉ ላይ ጻፈ። «ኔጌቲቭ ሦስት ይመጣል።»

«ከአንድ ያንሳል?»

«ያንሳል።»

«ታዲያ መልስህ ውስጥ አለ?»

ወረቀቱን መልሶ አየው።

«ኤክስ ማን እንደሆነ ሳታጣራ ፖዘቲቭ ነው ብለህ አባዛህበት። ኔጌቲቭ ከሆነ ምልክቱ ይገለበጣል። ከዜሮ በታች ያሉት ሁሉ ቀርተውብሃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ነው፤ አትፈር። ላስረዳህ እችላለሁ፤ ትክክል ነው ብዬ ግን አልፈርምም።»

«ቲቸር፣ በቃ አንድ ፊርማ እኮ ነው!»

«ገብቶኛል።»

ስልኩን ኪሱ ከተተ። «ተነስ አንተ» አለኝ።

አብሮኝ የታሰረው ነጋዴ የሆነውን ስነግረው ራሱን ያዘ። «ለአንድ ምልክት ብለህ? ይገባሃል፣ እዚሁ ኑር!» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። ቁጥሯን በልቤ ደጋግሜ ጠራሁ።

ባለቤቴ ከቀናት በኋላ ራሷ አፈላልጋ አገኘችኝ፣ ምሳ ዕቃ አንጠልጥላ። ከተፈታሁ በኋላ የሚያኮራት መስሎኝ ታሪኩን ነገርኳት።

«ያን ቀን ከሰዓት እኮ የሆስፒታል ሬሳ ክፍል በር ላይ ቆሜ ነበር» አለችኝ።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ተማሪዎቼ ያንኑ ስህተት ይሳሳታሉ፤ እኔም በቀይ እሰርዛለሁ። ዛሬም ቢሆን አልፈርምም ነበር። ይህን ግን እሷ ፊት ተናግሬው አላውቅም።