የእትዬ ሙንተሃ ከረሜላ ቤት አይዘጋም

ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ፣ ከትምህርት ቤታችን በር ፊት ለፊት እትዬ ሙንተሃ የሚሸጡት ከረሜላ ከፋብሪካ የመጣ አልነበረም። ስኳሩን ራሳቸው አቅልጠው፣ የተቆላ ሰሊጥና ለውዝ ደባልቀው፣ ዘይት በተቀባ ትሪ ላይ ዘርግተው፣ ሳይደርቅ በቢላ ይቆርጡታል። ከክፍል ስንለቀቅ ገና ለብ ያለ ነው። ጥርሳችን ላይ እየተጣበቀ እስከ ቤት ይሸኘናል።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ እትዬ ሙንተሃን የስኳር በሽታ ያዛቸው። ሰፈሩ ሁሉ ሱቁ ሊዘጋ ነው ብሎ ደመደመ። ታናሽ ወንድማቸው አብዱልሃሚድማ መሃል ከተማ ያለውን የጨርቅ ሱቁን ዘግቶ መጣና እኛ ተሰልፈን በቆምንበት፣ "ስኳር ይዞሽ ስኳር ትሸጫለሽ? ሰው ምን ይላል?" አላቸው።

"ልሽጥ አልኩ እንጂ ልብላ አልኩ?" አሉ እትዬ ሙንተሃ፣ ማማሰላቸውን ሳያቆሙ። "ሰው ብሎ ሲጨርስ ንገረኝ።"

ከዚያን ቀን ወዲህ አንዲት ፍሬ አልቀመሱም። ቀማሽ ስላስፈለጋቸው እኛን ሾሙን። በየቀኑ አንድ ልጅ ይጠራል፤ ያኝካል፤ ይፈርዳል። ተራዬ ሲደርስ ላስደስታቸው ብዬ "በጣም ይጣፍጣል" ስላቸው ተቆጡ።

"ሩሐማ፣ ካረረ አሯል በይ! ምላስሽን ያመንኩት እንድትዋሺኝ ነው?"

እውነትም አሮ ነበር። ትሪውን እንዳለ ደፉት።

ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ እግራቸው ላይ የወጣው ቁስል አልድን አለና ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ አብዱልሃሚድ ሱቁን ማርቆስ ለሚባል ሞባይል ጠጋኝ አከራየው። ለክፋት አልነበረም፤ እሱ ቤት አርፈው ይቀመጣሉ ብሎ ነው።

እሳቸው ግን ከሆስፒታል በወጡበት ቀን ባጃጁን በቀጥታ ወደ ሱቁ አስነዱት። በክራንች ወርደው፣ በሩ ላይ የተሰቀለውን የሞባይል ጥገና ማስታወቂያ አነበቡና ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። አብዱልሃሚድ እየሮጠ ደረሰ።

"እህቴ፣ በአላህ፣ ቤት እንግባ። በአንድ እግር ምን ልትሠሪ ነው?"

"በእግሬ ሳማስል አይተኸኝ ታውቃለህ? ሱቁን የከፈትኩት እኔ፣ የምታከራየው አንተ!"

ወሬውን ስንሰማ የድሮ ቀማሾች ከያለንበት መጣን። ማንም አልጮኸም። አጠገባቸው ተደርድረን ተቀመጥን፤ ደጃፉ ሲሞላ አስፋልቱ ዳር ድረስ። ማርቆስ ብቅ ብሎ አየንና ዕቃውን ካርቶን ውስጥ መክተት ጀመረ።

"የት ልትሄድ ነው?" አሉት እትዬ ሙንተሃ። "ጥጉ ይበቃሃል። ምድጃዬን ብቻ መልስልኝ።"

ማርቆስ ዛሬም እዚያው ጥግ ስልክ ይጠግናል። አብዱልሃሚድ ሁለት ወር አኩርፎ ከረመና አንድ ጠዋት ሰሊጥ በኩንታል ጭኖ መጣ።

ባለፈው ሳምንት ሄጄ ነበር። ሰው ሠራሽ እግራቸውን አድርገው ምድጃው ዘንድ ቆመዋል። ወንበር ሳቀርብላቸው በማማሰያው ገፋ አደረጉት።

"ተቀምጬ ላማስል? አሮጊት መሰልኩሽ እንዴ?"

ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው።