ሱራ አለ ተብለን የሄድን ቀን

ሴት ልጄ ማታ ማታ ቁርአን መቅራት ጀምራለች። ሰሞኑን "ሱራ" ስል ሰማችኝና፣ እማ፣ በአረብኛ ሁለት ዓይነት "ሱ" አለ፤ ባንዱ የቁርአን ምዕራፍ ነው፣ በሌላው ፎቶ ነው ብላ ልታርመኝ ተነሳች። እኔን! ካርቱም ኖሬ የመጣሁትን! ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ዘይነባ ትዝ አለችኝ።

ዘይነባ የወሎ ልጅ ናት፣ ያገሬ ሰው። ሞባይል ገና ባልበዛበት ዘመን፣ ቡሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ቤቶች ተቀጥረን እንሠራ ነበር። ታላቄ ስለሆነች እታለም እላታለሁ። ያን ክረምት የእናቷ መርዶ ደረሳት፤ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። አሠሪዎቿ ሠርግ ይደግሱ ስለነበር ሐዘኔን ይዤ ደስታቸውን አላበላሽም አለች። ሰው ሳይሰበሰብ፣ ቁርአን ሳይቀራ ምኑ ለቅሶ ነው? ሽንኩርት እየከተፈች ነበር የምታለቅሰው።

አንድ ቀን አሠሪዬ በስልክ ስታወራ፣ ሐሙስ ዓባይ ዳር ባለው ሙዚየም "ሱራ" አለ፣ ኡስታዙም ይናገራል ስትል ሰማሁ። እኛ ዘንድ ኡስታዝ ቁርአን የሚያስቀራ ነው። ሱዳኖች የተማረን ሰው ሁሉ ኡስታዝ እንደሚሉ ለእኛ ለእንግዶቹ ማን ነግሮን! ሮጬ ለዘይነባ ነገርኳት። ለእማዬ ዱዓ አስደርጋለሁ ብላ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

ሐሙስ ውዱእ አድርገን በሃፍላ ሄድን፤ የካርቱም አውቶቡስ ማለት ነው። ዝናብ ጥሎ መንገዱ ጭቃ በጭቃ ነበር። አዳራሹ በር ላይ ጫማችንን አውልቀን ስንገባ ዘበኛው አፉን ይዞ ቀረ። ውስጡ ለካ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ ነው፤ ተራራ፣ ወንዝ፣ የማሽላ እርሻ። ከርከዴ የሚሉት ቀይ መጠጥ በብርጭቆ ይዞራል። አጀብ ነው! እኔ በሀፍረት ልመለስ ስል ዘይነባ አንድ ፎቶ ፊት ተተክላ ቀረች። በእኛው ድንበር በኩል የተነሳ ጉም የለበሰ ተራራ ነው፤ በመሃሉ ቀጭን የእግር መንገድ ይወርዳል። ሰው የለበትም።

ኡስታዝ የተባለው ሸበቶ ፎቶ አንሺ ኖሯል። ስለ ተራሮቹ ተናግሮ ሲጨርስ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ አለ። ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ።

"የዚህ መንገድ ሰዎች የት ሄዱ? በይልኝ" አለችኝ።

በዚያች በገበያ አረብኛዬ ጠየቅኩላት። ሰውየው ፈገግ ብሎ፣ መንገዱ ብቻውን እንዲታይ ስለፈለግኩ ሰዎቹ እስኪያልፉ ጠበቅኩ አለ። እኔም ዞሬ "አልፈዋል" አልኳት።

ያቺ ቃል ጨረሰቻት።

"እማዬም አለፈች፣ እኔ አልነበርኩም" ብላ መሬት ላይ ተቀምጣ ለቅሶውን ለቀቀችው። ኡስታዙ ደንግጦ ምን ሆነች አለኝ። እናቷ ሞተው ለቅሶ ሳትቀመጥ ቀረች አልኩት። መነጽሩን አወለቀ፤ ሁለት መዳፎቹን ዘርግቶ "አልፋቲሓ" አለ። ሱዳኖች ሐዘንተኛ ሲያጽናኑ እንዲህ ነው። አዳራሹ በሙሉ ብርጭቆውን አስቀምጦ መዳፉን ዘረጋና ፋቲሓን፣ የቁርአኑን የመጀመሪያ ሱራ፣ ቀራላት። አንድ ፈረንጅ እንኳ የሰው አይቶ ዘረጋ። ቶብ የሚሉትን የሱዳን መጎናጸፊያ የለበሱ ሴቶች በዚያ ባማረ ልብሳቸው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። የእናቷን ስም ጠየቋት፣ ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ጠየቋት። እሷ በአማርኛ ታወራለች፣ እነሱ በአረብኛ ያለቅሳሉ። እኔም ማስተርጎሜን ትቼ አብሬ አለቀስኩ።

ዘይነባ ዛሬ ኮምቦልቻ ልጆች አሳድጋ ትኖራለች፣ አልሐምዱሊላህ። ካርቱምን ግን ጦርነት በተናት። እዚህ አዲስ አበባ፣ እኛ ግቢም አንዲት ሱዳናዊት ተከራይታ ገብታለች። ባለፈው ወር እዚያው የቀሩት አባቷ ማረፋቸውን ሰማን። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ በሯ ላይ ቆሟል፤ በምን ቋንቋ እናጽናናት ብሎ ማንም አይገባም። ሐዘን ብቻውን ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል እኔ አይቻለሁ። አልፌያቸው ገባሁና መዳፎቼን ዘርግቼ "አልፋቲሓ" አልኩ። ከኋላዬ ሁሉም ዘረጉ።

ሱዳናዊቷ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ካለቀሰች በኋላ፣ ይህን ማን አስተማረሽ አለችኝ።

"ዘመዶችሽ" አልኳት።