ድንቢጥ ያለፈችው ፈተና

ተማሪዎቹ ያወጡላት ስም «እትዬ ለምን» ነበር። ሥራዋ ልጆችን መመዘን ነው፤ ትምህርት የከበደው ልጅ ልዩ ድጋፍ ይገባው እንደሆነ አጣርታ ለኮሚቴ ታቀርባለች። ክፍሏ ከደረጃው ሥር ያለች፣ ድሮ የኳስና የመረብ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ደወል ተደውሎ ከላይ የሚሮጠው እግር ጣሪያውን ሲያንቀጠቅጠው ሌላው ሰው ይማረር ነበር። እሷ ግን ቀና ትልና «ያ በአንድ እግሩ የሚዘለው ማን ነው? ለምን?» ትላለች። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያን ቀና ማለቷን ግን አልረሳሁም።

ድንቢጥን ወደ እሷ የላክኋት እኔ ነኝ፤ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪዋ ነበርኩ። ድንቢጥ አባቷ ያወጣላት የቁልምጫ ስም ነው። አንድ ተረት ከሰማች ከተራኪው ሳል ጋር ትደግመዋለች። ጽሑፍ ፊቷ ሲቀመጥ ግን ዓይኗ ማረፊያ ያጣል። አንዴ ክፍል ደግማለች። ድጋፍ ካላገኘች ዘንድሮም መድገሟ ነው፤ ሁለተኛ ከደገመች ደግሞ ከትንንሾቹ ጋር መቀመጡ አሳፍሯት ትምህርቱን እንደምትተወው ይታየኝ ነበር።

በምዘናው ቀን እትዬ ለምን ባለቀለም ኩቦቿን ደረደረችና ሥዕል አሳየቻት፤ እሱን አይታ እንድትገጣጥም ነው። ልጅቷ ትእዛዙ ሳያልቅ ገጣጠመችው። የሚቀጥለውንም እንደዚያው። ከዚያ አንዱን ኩብ አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ዳበሰችና፣

«ቲቸር፣ ይሄ ይሻክራል» አለች።

«ይሻክራል?»

«የኛዎቹ ይለሰልሳሉ። አባዬ በብርጭቆ ወረቀት አሽቷቸዋል።»

«የናንተዎቹ? የት ነው ያሉት?»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ከደነች። «አትናገሪ ብሎኛል።»

እትዬ ለምን ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ ከሰመ።

«ኮሚቴው ሐሙስ ይሰበሰባል። በዚህ ውጤት ከሄድን ልጅቷ ምንም ድጋፍ አያስፈልጋትም ይባላል። ይኼንኑ ፈተና ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ልደግምላት አልችልም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እኔን የሚከነክነኝ፣ አባቷ ለምን አስጠናት?»

አባቷ አናጺ ነው። በማግስቱ ወደ ሥራ ቤቱ ሄድን። ገና ከበሩ ስንደርስ ሰጋቱራው ጫማችንን ዋጠው።

«ግቡ፣ ግቡ። ምነው እትዬ፣ በሰላም?»

«በሰላም ነው። ኩቦችዎን ልይ ብዬ ነው።»

አናጺው ጥግ ወደቆመችው ልጁ ዞረ። «ይቺ ምላሰኛ!»

«እሷ ምን አደረገች? አውራ ጣቷ ነው ያሳበቀው።»

ሰውየው እያጉተመተመ በጨርቅ የተሸፈነ ሣጥን አወጣ። ኩቦቹ እንደ ወተት ጥርስ ለስልሰዋል። እትዬ ለምን እያገላበጠች ስታደንቅ እሱ ብሶቱን ጀመረ፤

«ባለፈው የተመዘነውን የጎረቤቴን ልጅ ምን ምን ጠየቁህ ብዬ ነው የሠራሁት። ምን ላድርግ? ልጄን ዘገምተኛ ብላችሁ ልትጽፉባት! ፈተና ከሆነ ልጄ ታልፋለች አልኩ፣ አለፈች።»

«ትኩሳት ያለበት ሰው ሙቀቱን ከመለካቱ በፊት በረዶ ቢጎርስስ?»

«ምን ይሆናል?»

«ትኩሳቱ ይለቀዋል?»

«ትኩሳቱማ የት ይሄዳል።»

«የሚቀርበት መድኃኒቱ ነው።»

አናጺው እጁ ሥራ ሲፈልግ ወደ ጀመረው ወንበር ተመለሰ። «ድንቢጤ፣ እስቲ አጭሩን ብሎን» አለ። ልጅቷ ግድግዳውን ወደሞሉት ትንንሽ መሳቢያዎች ሮጣ ከመቅጽበት ይዛ መጣች።

እትዬ ለምን ተከትላት ሄዳ መሳቢያዎቹ ፊት ቆመች። በአንዱ ላይ ብሎን፣ በአንዱ ላይ ሚስማር፣ በሌላው ላይ ማጠፊያ ተለጥፏል። ከሥራቸው የተፋቀ ጽሕፈት ይታያል።

«እነዚህን ለምን ለጠፏቸው?»

«እነሱን? ድሮ ስማቸውን በቀለም ጽፌ ነበር። ይቺ ልጅ ፊደል ቆጠረች ብዬ ሳዛት፣ ሚስማር ስላት ብሎን፣ ብሎን ስላት ማጠፊያ እያመጣች አንጀቴን አሳረረችው። አንድ ቀን ተናደድኩና ዕቃውን ራሱን በኮላ ለጠፍኩት። ከዚያ ወዲያ ተሳስታ አታውቅም።»

እትዬ ለምን የሳንቃ ክምር ላይ ቁጭ አለች። «ልዩ ድጋፍ የምንለው እኮ ይኼንን ነው። እርስዎ ከኛ ቀድመው ጀምረውላታል።»

አናጺው መሳቢያዎቹን ሌላ ሰው የሠራቸው ይመስል አያቸው።

«ሐሙስ ይምጡ» አለችው። «ይኼን እኔ ብናገር ወሬ ነው የሚሆነው። የኩቦቹንም ይንገሯቸው።»

«አታለልኳችሁ ብዬ? በሰው ፊት?»

«አዎ።»

አናጺው ከጉልበቱ ላይ ሰጋቱራውን ብቻ አራገፈ።

ሐሙስ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ውጤቱን አንብበው «እንግዲህ ይቺ ልጅ ደኅና ናት» ሊሉ ሲሉ በሩ በእግር ተመታ። አናጺው ነበር፤ አንድ መሳቢያ ታቅፏል። ጠረጴዛው ላይ አኖረውና ላቡን ጠረገ።

«ፈተናውን ያስጠናኋት እኔ ነኝ። እሱን እርሱትና ይኼንን እዩልኝ።»

ታሪኩን ከነንዴቱ ነገራቸው። ርዕሰ መምህሩ በተፋቀው ጽሕፈት ላይ ጣታቸውን አሳለፉ። «ታዲያ ልጅቷ ሰነፍ ናት ነው የሚሉን?»

«ኧረ አይደለችም፣ ጋሼ! ጽሕፈቱ ነው እምቢ ያላት።»

የኩቦቹ ውጤት ወደ ጎን ተተወ። እኔ ከክፍል ያመጣሁት፣ እትዬ ለምን ስታስነብባት የመዘገበችው፣ የአባቷም ቃል አንድ ላይ ታየና ድንቢጥ ወደ ድጋፍ ክፍሉ እንድትገባ ተወሰነ።

ስንወጣ አናጺው መሳቢያውን ታቅፎ ትንሽ ወደኋላ ቀረ።

«እትዬ፣ ያንን ሻካራ ኩብ ይላኩልኝና ላለስልስልዎት። በነጻ ነው።»

«ይቅርብኝ» አለችው። «ለስላሳ ቢሆን ኖሮ ድንቢጥ ምን ብላ ትነግረኝ ነበር?»