ዓርብ ዓርብ የሚላከው ድምፅ

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ነው፤ ዓርብ ከሰዓት። አቤል ዘፈን ልቅዳ ብሎ ስልኬን ይዞ ጓሮ ገባ... ቆየ። ድምፁ ግን አይሰማም።

አቤል የአክስቴ ልጅ ነው፤ መካነ ሰላም ከእኛ ጋር ነው የሚኖረው። እናቱ ኩዌት ሰው ቤት ትሠራለች። እረፍቷ ዓርብ ስለሆነ፣ ዓርብ ዓርብ አያታችን ያስተማሩትን አምባሰል እየዘፈነ ይልክላታል። ሳምንቱን የምትችለው በእሱ ነው።

ተከትዬው ሄድኩ።

«ላክህላት?»

«ልኬላታለሁ።»

«መቼ ዘፍነህ?»

ስልኩን ተቀብዬ የላከውን ከፈትኩት። ያ የድሮው ቀጭን ድምፁ ነው... መሀል ላይ ሳል ይሰማል፤ ከዚያ «እሰይ! ድገምልኝ!» የሚል የሽማግሌ ድምፅ።

አያታችን እኮ ሞተዋል። አርባቸው እንኳ ወጥቷል፤ ለአክስቴም የተነገራት መስሎኝ ነበር።

«ድምፄ ተበላሸ» አለ አቤል መሬት መሬት እያየ። «ስጀምር ይሰነጠቃል። ልጆቹ ፍየሉ ነው የሚሉኝ። እሱን ልላክላት?»

እናቴ ከኋላችን መጣች።

«የድሮውን ላክ ያልኩት እኔ ነኝ። የአባታችንን ሳል ስትሰማ ልቧ ያርፋል። ለምን አያናግሩኝም ስትል ጉንፋን ድምፃቸውን ዘግቶት ነው ብያታለሁ። ኮንትራቷን ጨርሳ ስትመጣ በወጉ ይነገራታል።»

በወጉ... ይህን ቃል አውቀዋለሁ። የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ፈተናዬን ስፈተን አባቴ ሞቶ ተቀብሮ ነበር። ስደውል «መስክ ወጥቷል፣ ኔትወርክ የለም» ይሉኝ ነበር። በወጉ የተነገረኝ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። «ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን እኮ ነው» አሉኝ። ዲግሪው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል... እኔ ግን ቀና ብዬ አላየውም።

«በእኔ ያደረጋችሁትን በእሷ አትደግሙትም» አልኳት።

«አንቺንስ ትምህርቱ ነው ያበላሸሽ!» ብላ ገባች።

እሷን መርታት ቢያቅተኝ አዲሱን ድምፁን ላለማምደው አቤልን ያዝኩ። ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከከተማው ወጣ ብለን፣ የሚስቅበት ሰው የሌለበት ባሕር ዛፍ ውስጥ እንቀመጣለን። ከፍ አድርጎ ይጀምራል፤ ይሰነጠቅበታል፤ ፊቱን በጃኬቱ ይሸፍናል።

«አብሽር» እለዋለሁ። «ድምፅህ አልተበላሸም፤ ቤት ቀየረ እንጂ። ታች ፈልገው።»

«ታች ያለው የእኔ አይመስለኝም።»

«ትለምደዋለህ። ጉሮሮህን ሲቧጥጥህ ብቻ አቁም።»

አንዳንድ ቀን ተናዶ ጥሎኝ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን አንጎራጉሮ ብቻ እንመለሳለን። አንድ ቀን ግን በጣም ዝቅ አድርጎ ጀመረና... ሳይሰነጠቅ ዘለቀው። ወፍራም፣ ጫፉ ሻከር ያለ ድምፅ። ሲጨርስ ራሱም ደንግጦ ነበር።

የዚያን ዓርብ በአዲሱ ድምፁ ቀድተን ላክን። መልሱ ወዲያው መጣ፤ አክስቴ እየሳቀች፣ እያለቀሰች...

«ውይ አባዬ! ዛሬስ ራስዎ ዘፈኑልኝ! ጉንፋኑ ለቀቀዎት? እናንተ፣ በሉ ስጡኝ ላናግራቸው!»

እናቴ፣ አቤልና እኔ በቆምንበት ደረቅን። ስልኩ ጮኸ።

«እንዳታነሱት!» አለች እናቴ።

አቤል አነሳው።

«እማ... እኔ ነኝ። አቤል ነኝ። የዘፈንኩት እኔ ነኝ።»

«አንተ?... ይሄ ድምፅ ያንተ ነው?»

«ተቀይሮ ነው።»

ከማዶ እልልታው ቀለጠ። «ጎረመስክልኝ! ቁርጥ አባዬን!... እሳቸውስ? እሳቸው ሰሙህ?»

አቤል አፉን ከፈተ። የወጣው የፍየሉ ድምፅ ነው። ስልኩን ተቀበልኩት።

«አክስቴ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«አይ፣ ከአገሬ ልጆች ጋር ነኝ...» አለችና አቋረጠች። ሰው አገር ያለ ሰው እንዲህ ሲጠየቅ ምን ሊከተል እንደሆነ ያውቃል።

«መቼ?» አለችኝ።

ነገርኳት። ቀኑን፣ የተቀበሩበትን ቦታ፣ ማን ማን እንዳለቀሰ... የጠየቀችኝን ሁሉ። ለእኔ ማንም ያልነገረኝን ያህል ነገርኳት።

ለቀጣዩ ዓርብ ለአቤል መልእክት መጣለት። «የድሮውን ቀጭኑን እንዳትልክልኝ። በወፍራሙ ላክ፤ እሱን ይዤ ላልቅስ። ቢሰነጠቅም ላከው።»

አቤል አሁን ለመቅዳት ጓሮ አይገባም፤ በረንዳው ላይ ነው የሚዘፍነው። እናቴ «ወግ አፈረስሽ» ብላ እስካሁን አኩርፋኛለች... እሱ ሊጀምር ሲል ግን ተነስታ ሬዲዮኑን የምትዘጋው እሷ ናት።