ልብስ ሰፊዋ ወይንሸት በወፍራሞች ጉባኤ

መጀመሪያ ቀሚሱን ትገለብጠዋለች። ውስጡን ወደ ውጭ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ ታነጥፈውና ከብብቱ እስከ ዳሌው ድረስ በመዳፏ ትዳብሰዋለች። ስፌቱ የት እንደሚጀምር የሚያውቀው ዓይኗ ሳይሆን አውራ ጣቷ ነው። ከዚያ መተርተሪያዋን ታነሣለች፤ አንዱን ክር ትቆርጣለች፣ ጥቂት ትዘልላለች፣ ደግሞ ትቆርጣለች። ከጀርባ ያለውን ክር በጥፍሯ ይዛ ሳብ ስታደርገው ስፌቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይከፈታል። የድሮው ስፌት ምልክት እስኪጠፋ ድረስ ጨርቁን በካውያ ትተኩሳለች። በሳሙና ስባሪ አዲስ መስመር ታሰምራለች፣ በስፒል ትይዘዋለች፣ ወደ ስፌት መኪናው ትወስደዋለች። ከመኪናው ሲወጣ ቀሚሱ በየጎኑ ሁለት ጣት ሰፍቷል።

"ይኸው፣" ትላለች ወይንሸት ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች፣ "ሙሽራችን እንዳለችው ከስታለች።"

ይህን የምትለው ሰርግ በደረሰ ቁጥር ነው። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለችው ጠባብ ሱቋ ሐበሻ ቀሚስ ያላሰፋች ሙሽራ ጥቂት ናት፤ ሁሉም ግን የሚገቡት በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። "እትዬ ወይንሸት፣ እስከ ሰርጉ ዐሥር ኪሎ እቀንሳለሁና ጠበብ አድርጊልኝ።" ወይንሸት አትከራከርም። የሰፈሩን ጠባይ ታውቃለች። መንገድ ላይ ያገኘሽ ዘመድ "ወፍረሻል! ተመችቶሻል! ተመስገን!" ብሎ ይመርቅሻል፤ ቀለበት ያሰርሽ ዕለት ግን ያው ሰው በዚያው አፉ "ለሰርግሽማ ትንሽ ቀነስ በዪ እንጂ" ይልሻል። ስለዚህ ቀሚሱን ሙሽራዋ በምትመኘው ሰውነት ልክ ትሰፋና እውነተኛውን ሰውነት የሚያህለውን ጨርቅ አጥፋ ስፌቱ ውስጥ ትደብቀዋለች። ለዚህ እጥፋት ያወጣችለት ስም "ተስፋ" ነው። ሰርጉ ሲቃረብ ሙሽራዋ እያለቀሰች ትመጣለች፤ ወይንሸት ተስፋውን ትተረትረዋለች፤ ሁሉም በሰላም ይጨፍራል።

ችግሩ የመጣው ከገዛ ቤቷ ነው። ልጇ አቢጌል ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንጻዎች በአንዱ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች፣ እንደ እናቷ ሞላ ያለች፣ እንደ እናቷም ግትር። በጥቅምት ልታገባ ነው። ለመልሱ የምትለብሰውን ቀሚስ ግን ከአዲስ አበባ በኢንተርኔት አዛለሁ ብላ ቁርጡን ተናግራለች።

ልብስ ሰፊ እናት ያላት ሙሽራ የሌላ ሰው ስፌት ለብሳ አዳራሽ ስትገባ ፌርፋክስ ምን እንደሚል ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ግማሹ "ተጣልተው ነው" ይላል። ሌላው ግማሽ "ድሮስ ስፌቷ…" ብሎ ይጀምርና ዝም ይላል፤ የሚገድለው ይኼኛው ነው።

አቢጌልም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሃይስኩል የጨረሰች ጊዜ እናቷ "እስከዚያ ትቀንሻለሽ" ብላ የሰፋችላት ቀሚስ፣ ድግሱ መሐል አጎቷን ልታጎርስ ስትንጠራራ ከብብቷ እስከ ወገቧ ተቀደደ። አጎትየው ጉርሻውን ሳይውጥ "ተመችቶሻላ!" አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አቢጌል የእናቷን ስፌት ለብሳ አታውቅም።

"ልለካሽ አልኩሽ እኮ!" ትላለች ወይንሸት።

"ለክተሽ ትቀንሺበታለሻ! እማዬ፣ አንቺ የምትሰፊው ለእኔ አይደለም፤ ለሆነች ቀጭን እህቴ ነው። እኔ ደግሞ እህት የለኝም።"

ነገሩ እዚህ ላይ ቆሞ ሳለ ነው የጉባኤው ወሬ የመጣው። አቢጌል ወፍራም ሰዎች ሰውነታቸውን ሳያፍሩበት እንዲኖሩ የሚመክር የአንድ ማኅበር አባል ናት፤ ዓመታዊ ኮንቬንሽናቸውን ከሚያዘጋጁትም አንዷ ነበረች። ልብስ ይዞ ሊመጣ የነበረ ነጋዴ ቀረና አንድ ጠረጴዛ ባዶ ሆነ። ወይንሸት ይህን ስትሰማ ጊዜ አላጠፋችም።

"እኔ እመጣለሁ። ቀሚስ አለኝ፣ ነጠላ አለኝ። አባትሽ ድራይቭ ያደርጋል።"

አቢጌል ብዙ አሰበች። "ኦኬ። ግን ሩልስ አለ። ስለ ዳየት አይወራም። የኪሎ ቁጥር አይነሣም። የማንም ሰውነት አይተችም።"

"ታዲያ ሐበሻ ምን ሊያወራ ነው የሚሄደው?" አለ አባቷ ስዩም ከሶፋው ላይ። ስዩም ጡረታ የወጣ የታክሲ ሾፌር ነው፤ ከመቅጠኑ የተነሣ ቤተ ክርስቲያን በሄደ ቁጥር "ምነው፣ አሞሃል እንዴ?" የሚባል ሰው።

ጉባኤው ከሃውቶርን ከተማ ብዙም ሳይርቅ አየር ማረፊያው አጠገብ ባለ ሆቴል ውስጥ ነበር። በር ላይ ፀጉሯን ሰማያዊ የተቀባች ወጣት አስተናጋጅ ባጅ ታድላለች። ለስዩም የሰጠችው ባጅ ቀለሙ የተለየ ነበር።

"ምንድነው የሚለው?" አለ ስዩም መነጽሩን እየፈለገ።

"አጋር ነው የሚለው አባዬ። ከወፍራሞች ጎን የቆመ ቀጭን ማለት ነው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ከእናትሽ ጎን ስቆም ማን ባጅ ሰጥቶኝ ያውቃል?"

አስተናጋጇ ቀጥላ የወይንሸትን አንገት አየች። በትሕትና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ አንገቷ ላይ የተንጠለጠለው የልክ መውሰጃ ሜትር ወደ ቦርሳ ቢገባ መልካም መሆኑን አስረዳች፤ ቁጥር ያለበት ነገር የብዙ ሰው ቁስል ይነካል። ወይንሸት ሜትሯን ከአንገቷ ማውለቅ ማተቧን የመበጠስ ያህል ነበር የከበዳት። ጠቅልላ ለስዩም ኪስ አስረከበችው፤ ከዚያ በኋላ እጇ በየጥቂቱ ወደ አንገቷ እየሄደ ባዶውን ይመለስ ጀመር።

ቢሆንም አዳራሹ ደስ አላት። ወንበሮቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ጎን የሚሰነጥቅ የእጅ መደገፊያ የላቸውም። መተላለፊያው ሁለት ሰው ሳይተሻሽ ያሳልፋል። የቤተ ክርስቲያኑ ኮሚቴ እነዚህን ወንበሮች ቢገዛ ስንቷ እናት ቅዳሴውን ሳትኮራመት ትጨርስ ነበር ስትል አሰበች። የዕለቱን ፕሮግራም አቢጌል ተረጎመችላት፤ "ከመስታወት ጋር መታረቅ" የሚል ትምህርት ነበረበት፣ "ለሐኪም መልስ መስጠት" የሚልም ነበረበት። ወይንሸት ሁለተኛው ላይ ራሷን ነቀነቀች። ጉልበቷን አሟት በሄደች ቁጥር "ቀንሺ" ብሎ የሚመልሳት ሐኪም ትዝ ብሏት ነው።

ጠረጴዛዋ ጋ መጀመሪያ የመጣችው ቁመቷም ስፋቷም ያማረ ነጭ ሴት ነበረች። ወይንሸት እጇን ጨብጣ፣ ከፌርፋክስ ባመጣችው ልማድ፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ "ወፍራም ነሽ! በጣም ያምራል! እግዚአብሔር ይጨምርልሽ!" አለቻት።

አቢጌል ዓይኗን ጨፈነች። ሴትዮዋ ግን በእንባ አቀፈቻት። ዕድሜ ልኳን ይህን ቃል ያለ ነቀፋ የነገራት ሰው አላጋጠማትም። ሄዳ ለጓደኞቿ ተናገረች፤ እነሱም መጥተው ተሰለፉ። ወይንሸትም ሳትሰስት መረቀቻቸው። በሰፈሯ ለአላፊ አግዳሚው በነጻ የምትበትነው ሰላምታ እዚህ ወረፋ ተያዘለት።

እንቅፋቱ ኬክ ነበር። ባለ ሰማያዊ ፀጉሯ ልጅ አንድ ቁራጭ ይዛ መጣች፤ ወይንሸት "አመሰግናለሁ፣ ጾም ላይ ነኝ" አለች። ፍልሰታ ነበር። ልጅቷ ፊቷ ጠቆረ። እዚህ ስለ ምግብ መተው አይወራም፤ ጾም የሚባለው አዲሱ የመክሳት ፋሽን መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን አለች። አቢጌል ጣልቃ ገብታ የሃይማኖት መሆኑን አስረዳች። ልጅቷ በደነገጠ ልብ ይቅርታ ጠየቀች፤ አለቃዋን ጠርታ አለቃዋም ይቅርታ ጠየቀች፤ ይቅርታው ከኬኩ የበለጠ ከበደ። በመሐሉ ስዩም ቁራጩን አንሥቶ መብላት ጀምሯል።

"አንተ አትጾምም?" አለችው ወይንሸት በጥርሷ።

"አጋር ነኝ፤" አለ ስዩም። "ግዴታ አለብኝ።"

በይቅርታውና በምርቃቱ ዝና ወይንሸት ከሰዓት በኋላ መድረክ ላይ ወጣች፤ ስለ ጥንታዊው ባህሏ እንድትናገር። ማይክሮፎን ስትይዝ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋም አላፈረችም። ባገሬ ወፍራም ሰው የተባረከ ሰው ነው አለች። የከሳ ሰው ሲያጋጥመን ምን ሆነ ብለን ዘመድ አዝማድ እንጠራለን አለች፤ ስዩምን በጣቷ አሳየች። አዳራሹ አጨበጨበ። ስዩም በሹካው ሰላምታ ሰጠ።

አወያይዋ ተደስታ ጠየቀች። "እንግዲያው በእናንተ ዘንድ ሙሽራ ለሰርጓ ክሺ አትባልም ማለት ነው?"

የወይንሸት ዓይን ልጇን ፈለገ። አቢጌል ከኋላ በኩል ግድግዳውን ተደግፋ እጇን አጣምራለች።

"ሙሽራ… ሙሽራ ሌላ ነው፤" አለች ወይንሸት።



"ራሷ ናት እቀንሳለሁ የምትለኝ። እኔ አምኜ እሰፋለሁ።"

"ከዚያስ? ይቀንሳሉ?"

"እስካሁን አንድም አላየሁም።"

ሰዉ ሳቀ። ከሳቁ በላይ ግን አንድ ድምፅ በአማርኛ መጣ። "እኔስ? እኔ መቼ እቀንሳለሁ አልኩሽ?"

 አወያይዋ ቋንቋውን ስላልሰማች የባህሉ አካል መሰላት፤ አመስግና፣ ያለ ቁጥር ልብስ እንዴት እንደሚለካ እንድታሳያቸው ጠየቀቻት። ወይንሸት ከጠረጴዛዋ ላይ ቀጭን ሪባን አስመጣች፤ ልኩ በደረሰበት ላይ ይቋጠራል፣ አለቀ። ማን ይለካ ሲባል አቢጌል ወደ መድረኩ ወጣች።

"እኔ እሷን እለካታለሁ።"

ሪባኑን በእናቷ ወገብ አዞረችው። "እማዬ፣ ሆድሽን ልቀቂው።"

"ለቅቄዋለሁ።"

"አለቀቅሽውም።"

"አቢ፣ ሰው እያየን ነው!"

"ሰዉ የመጣው ሊያይ ነው።"

ማይክሮፎኑ ክፍት ነበር። ወይንሸት ልትለቅ ሞከረች፤ ሆዷ ግን ሰው ፊት ሲቆም ወደ ውስጥ መግባት ለምዶ ትእዛዝ አልሰማ አላት። አቢጌል ሪባኑን ከፍ ስታደርግ ጣቷ በእናቷ ብብት ሥር አንድ ወፍራም እጥፋት ነካ። ወይንሸት የለበሰችው ቀሚስ የራሷ ስፌት ነበር። አቢጌል እጥፋቱን በሁለት ጣት ይዛ ቆመች።

"ይኼ ምንድነው?"

ወይንሸት ወደ ጣሪያው አየች። "ለፋሲካ እቀንሳለሁ ብዬ ነው።"

"ፋሲካ አልፏል እኮ።"

"የሚመጣው አለ።"

አቢጌል ሳቋ ፈነዳ። እየሳቀች እናቷ ላይ ተደገፈች፤ ወይንሸትም ልጇን ልትይዝ ስትል ሆዷን ረሳችው፤ እሱም እንደፈቀደ ወጣ። "ያዝኩት!" ብላ አቢጌል ሪባኑን ቋጠረች። ጉባኤተኛው አንዲት ቃል ሳይገባው ቆሞ አጨበጨበ።

ማምሻውን ስዩም ቫኑን ከፓርኪንግ አውጥቶ ቀሚሶቹን ሲጭን፣ አቢጌል በሩን ይዛ ቆመች።

"ኦኬ፤ አንቺው ስፊልኝ።"

ወይንሸት ሜትሯን ፍለጋ ወዲያው እጇን ስዩም ኪስ ውስጥ ከተተች።

"እዚህ አይደለም፣ ቤት! ሶ፣ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ዛሬ ባለሁበት ልክ ነው የምትሰፊው። ለሚመጣው ፋሲካ የሚሆን ነገር እንዳላገኝ። ሁለተኛ፣ ሰርጌ ላይ አንድ ሰው ስለ ሰውነቴ ትንፍሽ ቢል፣ ቀሚሱን አውልቄ በጂንስ እጨፍራለሁ።"

"አንድ ሰው?"

"አንድ ሰው።"

ወይንሸት የመጀመሪያውን በደስታ ተቀበለች። ሁለተኛው ላይ ግን እንግዶቹን በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

"እትዬ ቀለመወርቅ ተጠርተዋል?" አለ ስዩም ቀስ ብሎ።

"እንዴት አይጠሩም! የክርስትና እናቷ አይደሉ?"

"እሳቸው እኮ ከበር ነው የሚጀምሩት። ባለፈው ፍትሐት ላይ እንኳ የሟችን ልጅ 'ሐዘኑ ተስማምቶሻል' ብለዋታል።"

"ፌርፋክስ ላይ ፓርኪንግ በነጻ አስደርጊ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር፤" አለች ወይንሸት።

ቀሚሱ አሁን ተሰፍቶ ሱቋ ውስጥ ተሰቅሏል። አቢጌል ለብሳው እጇን እስከ ጣሪያ ዘርግታ ፈትናዋለች፤ አንድ ክር አልተነቃነቀም። የቀረው እንግዳው ነው። ለእያንዳንዱ ስልክ ደውሎ "እባክህ አፍህን ያዝ" ማለት ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ ወይንሸት ይህ ታሪኳ እንዲጻፍ የፈቀደችው፣ ለምታነቡት ሁሉ የሚከተለው ቃሏ እንዲደርስ ብቻ ነው።

"የተጠራችሁ ኑልኝ፤ ሳትጠሩ የምትመጡትም ምግብ አይጎድልባችሁም። ልጄን ግን ወፍረሻል አትበሏት። ከስተሻልም አትበሏት። ተመችቶሻል ማለት ምርቃት መሆኑን እኔ አውቃለሁ፣ እሷ ግን አታውቅም፤ ስለዚህ እሱንም ተዉት። አፋችሁን ከበላችሁ 'ማን ሰፋው?' ብላችሁ ጠይቋት። እትዬ ቀለመወርቅን የምታውቋቸው ደግሞ በማርያም፣ በሩ ላይ ቀድማችሁ ተቀበሉልኝ፤ ስለ ጤናቸው ጠይቋቸው፤ እሱ ረጅም ነው፣ ሙሽሮቹ እስኪያልፉ ይበቃል።"